ካለፈው ምን ያህል እንያዝ? ስለ ኮንጁጌት ግራዲየንት ዘዴዎች የተደረገ ንግግር

(በንግግሩ ወቅት ሰሌዳ ላይ የተጻፉትን ቀመሮች እዚህ በቃል ተክቻቸዋለሁ። ከአድማጮች የመጡትን ሁለት ጥያቄዎችም ከነመልሳቸው መጨረሻ ላይ አስገብቻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ።

የዛሬው ርዕስ ስሙ ረጅም ነው፤ ገደብ ለሌለባቸው የኦፕቲማይዜሽን ችግሮች የሚያገለግሉ የኮንጁጌት ግራዲየንት ዘዴዎች። ስሙ አያስደንግጣችሁ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ አንድ ቁጥር ላይ ያርፋል። ቤታ እንለዋለን። የቤታ ሥራ ካለፈው እርምጃ ምን ያህሉን ይዘን እንደምንቀጥል መወሰን ነው። ከ1964 ወዲህ በዚህ ዘርፍ ከተጻፈው ውስጥ ትልቁ ክፍል ስለዚህ ቁጥር ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ችግሩን እናስቀምጥ። አንድ ፈንክሽን አለን። ብዙ ቫሪያብል ይቀበላል፣ አንድ ቁጥር ይመልሳል። ቁጥሩ ትንሹን ዋጋ የሚይዝበትን ቦታ እንፈልጋለን። ገደብ የለም ስንል ቫሪያብሎቹ የፈለጉትን ዋጋ መያዝ ይችላሉ ማለታችን ነው። በአንድ ሞለኪውል ውስጥ ያሉ አተሞች ጠቅላላ ኃይላቸው ዝቅ የሚልበትን አቀማመጥ መፈለግ እንዲህ ያለ ችግር ነው። የአየር ጠባይ ትንበያ ሞዴል ከተለካው መረጃ ጋር በደንብ የሚገጥምበትን መነሻ ሁኔታ መፈለግም እንደዚያው። በእነዚህ ሥራዎች ላይ ቫሪያብሎቹ ሚሊዮን ቢደርሱ ማንም አይደነቅም።

አንድ ነጥብ ላይ ቆመን የምናውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው እንበል። አንደኛው የፈንክሽኑ ዋጋ ነው። ሁለተኛው ግራዲየንቱ ነው፤ ፈንክሽኑ በፍጥነት የሚጨምርበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቬክተር። ታዲያ ለምን በተቃራኒው አንሄድም? ኮሺ በ1847 ያቀረበው ሐሳብ ይኸው ነው። የግራዲየንቱን ተቃራኒ ይዘህ ውረድ። ፈንክሽኑ መቀነስ ሲያቆም ቁም። አዲስ ግራዲየንት አስላ። እንደገና ውረድ። ግራዲየንት ዲሰንት የምንለው ይህ ነው።

ሲሰሙት ከዚህ የተሻለ ዘዴ ያለ አይመስልም። በቁጥር እንየውና እንፍረድ። ሁለት ቫሪያብል ብቻ ያለው ፈንክሽን እንውሰድ፦ የመጀመሪያው ቫሪያብል ስኩዌር ሲደመር ዘጠኝ ጊዜ የሁለተኛው ስኩዌር፣ ድምሩ ለሁለት ሲካፈል። ትንሹ ዋጋ ዜሮ ላይ እንደሆነ ያለ ምንም ስሌት ይታያል። መነሻችን 9 እና 1 ይሁን። እዚያ ላይ የፈንክሽኑ ዋጋ 45 ነው፤ ግራዲየንቱ ደግሞ 9 እና 9። በተቃራኒው ስንወርድ ከሁሉ የሚሻለው የእርምጃ መጠን 0.2 ሆኖ ይገኛል። አዲሱ ነጥብ 7.2 እና ከዜሮ በታች 0.8 ነው። የፈንክሽኑ ዋጋ ወደ 28.8 ወረደ።

መጥፎ አይደለም። ግን ቀጥሉበት። በእያንዳንዱ እርምጃ የመጀመሪያው ቫሪያብል በ0.8 ይባዛል። ሁለተኛው እንዲሁ፤ ግን ምልክቱን እየለዋወጠ። አንዴ ከመስመሩ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ። ከአሥር እርምጃ በኋላ የመጀመሪያው ቫሪያብል ገና 0.97 ገደማ ነው። የፈንክሽኑን ዋጋ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ለማሳነስ 31 እርምጃ ይፈጃል። ያውም ሁለት ቫሪያብል ላለው ተራ ችግር!

ምንድን ነው የሚበላሸው? ሸለቆው ጠባብና ረጅም ነው። ግራዲየንቱ የሚጠቁመው በአቅራቢያ ያለውን የሸለቆ ግድግዳ እንጂ የሸለቆውን መጨረሻ አይደለም። ስለዚህ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተላጋን እንወርዳለን። ባለፈው እርምጃ ያስተካከልነውን በዚህኛው እናበላሻለን፤ በሚቀጥለው ደግሞ መልሰን እንጠግናለን። ግራዲየንት ዲሰንት ትውስታ የለውም። ችግሩ ሁሉ ይኼ ነው።

የኒውተን ዘዴ ይህን በአንድ ጊዜ ይፈታል። የፈንክሽኑን ጥምዝ በሙሉ የሚይዘውን ሄሲያን የሚባል ማትሪክስ አስልቶ ይጠቀማል። ነገር ግን ቫሪያብሎቹ አንድ ሚሊዮን ሲሆኑ ሄሲያኑ አንድ ትሪሊዮን ቁጥሮች አሉት። እያንዳንዱ 8 ባይት ቢይዝ 8 ቴራባይት ነው። ሁለቱ ጎኖቹ እኩል ስለሆኑ ግማሹን ብቻ እናስቀምጥ ብትሉ እንኳን 4 ቴራባይት። ከዚያ ደግሞ እሱን ይዞ እኩልታ መፍታት አለ። አንድ ቬክተር ግን 8 ሜጋባይት ብቻ ነው። ኮንጁጌት ግራዲየንት የሚኖረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ጥቂት ቬክተሮች ይዞ ከግራዲየንት ዲሰንት እጅግ የተሻለ ሥራ ይሠራል።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። የመጀመሪያውን እርምጃ ሄደናል። አሁን 7.2 እና ከዜሮ በታች 0.8 ላይ ነን። እዚህ ላይ የግራዲየንቱን ተቃራኒ ብቻ አንከተልም። ያለፈውን አቅጣጫ ከፊሉን እንጨምርበታለን። ምን ያህሉን? የአዲሱን ግራዲየንት ርዝመት ስኩዌር ለአሮጌው ርዝመት ስኩዌር እናካፍል። 103.68 ለ162 ሲካፈል 0.64 ነው። ቤታ ማለት ይኼ ነው። አዲሱ አቅጣጫ ከዜሮ በታች 12.96 እና ከዜሮ በላይ 1.44 ሆኖ ይወጣል። በዚያ አቅጣጫ አምስት ዘጠነኛ ያህል ስንሄድ የት እንደርሳለን? ዜሮ ላይ። በግምት አይደለም፣ ልክ ዜሮ ላይ። 31 እርምጃ እየፈጀ እንኳን የማይደርስበት ቦታ ላይ በሁለት እርምጃ ደረስን።

ይህን በወረቀት ላይ ራሳችሁ አስሉት። አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ይገባችኋል።

አሁን ለምን እንደሚሠራ። በመጀመሪያው አቅጣጫ ሄደን ፈንክሽኑ መቀነስ ሲያቆም ቆመናል። ስለዚህ በቆምንበት ቦታ ያለው ግራዲየንት በዚያ አቅጣጫ ምንም ድርሻ የለውም። በዚያ በኩል ሥራው አልቋል። ሁለተኛውን አቅጣጫ ስንመርጥ ይህ ያለቀ ሥራ እንዳይበላሽብን እንፈልጋለን። በሌላ አነጋገር በሁለተኛው አቅጣጫ ስንጓዝ ግራዲየንቱ መለወጡ አይቀርም፤ ለውጡ ግን ወደ መጀመሪያው አቅጣጫ ምንም ድርሻ እንዳይኖረው ነው የምንፈልገው። ሁለት አቅጣጫዎች እንዲህ ሲሆኑ ኮንጁጌት ናቸው እንላለን። በኳድራቲክ ፈንክሽን ላይ፣ ማለትም እንደ ምሳሌያችን ከቫሪያብሎች ስኩዌርና ብዜት በተሠራ ፈንክሽን ላይ፣ ስሌቱ ቀላል ነው። ሁለተኛውን አቅጣጫ በሄሲያኑ አባዛው፣ ከመጀመሪያው ጋር ዶት ፕሮዳክት ውሰድ (ቁጥሮቻቸውን በየተራ አባዝተህ ደምር)፣ ዜሮ መሆን አለበት። በምሳሌያችን 116.64 ሲቀነስ 116.64 ይሆናል።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ቫሪያብሎቹ መቶ ቢሆኑ መቶኛው አቅጣጫ ከዘጠና ዘጠኙ ሁሉ ጋር ኮንጁጌት መሆን አለበት። ዘጠና ዘጠኙን ሁሉ ማስቀመጥ አለብን ማለት ነው? የለብንም። የመጨረሻዋን ብቻ መያዝ ይበቃል። ከመጨረሻዋ ጋር ኮንጁጌት ካደረግነው ከቀሩት ጋር በራሱ ይሆናል። ይህ ለኳድራቲክ የሚረጋገጥ ቲዎረም ነው። ማረጋገጫው ሰሌዳ ግማሽ አይሞላም። ዘዴው ርካሽ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐሳቡን ያመጡት ማግነስ ሄስተንስ እና ኤድዋርድ ሽቲፈል ናቸው። አንዱ በአሜሪካ፣ ሌላው በስዊዘርላንድ፣ ተለያይተው ነው የደረሱበት። ሽቲፈል በ1951 ሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው የቁጥራዊ ትንተና ተቋም ሲመጣ ሄስተንስም ያንኑ ዘዴ ይዞ ጠበቀው። በ1952 ወረቀቱን አብረው አሳተሙ። ኮርኔሊየስ ላንቾስም በዚያው ተቋም በጣም በተቀራረበ ነገር ላይ ይሠራ ነበር። ያኔ ዘዴው የታሰበው የመስመራዊ እኩልታዎችን ስርዓት ለመፍታት ነው። የእኩልታዎቹ ማትሪክስ ሲሜትሪክና ፖዘቲቭ ደፊኒት ከሆነ፣ ማለትም ሁለቱ ጎኖቹ እኩል ከሆኑና ኳድራቲኩ በየአቅጣጫው ወደ ላይ የሚታጠፍ ከሆነ፣ እኩልታውን መፍታትና ኳድራቲኩን ማሳነስ አንድ ናቸው።

ዘዴው በኋላ ተቀዘቀዘበት። በንድፈ ሐሳብ ኤን ቫሪያብል ላለው ችግር ቢበዛ በኤን እርምጃ ያልቃል። በኮምፒውተር ላይ ግን የማጠጋጋት ስህተት እየተጠራቀመ ኮንጁጌትነቱን ያፈርሰዋል። በኤን እርምጃ አያልቅም። ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ተዉት። በ1971 ጆን ሪድ ነገሩን ገለበጠው። በኤን እርምጃ ማለቁን እርሱት፤ ትልልቅና ብዙ ዜሮ ባላቸው ማትሪክሶች ላይ ከኤን በጣም ባነሰ እርምጃ በቂ መልስ ይሰጣልና እንደ ተደጋጋሚ ዘዴ ተጠቀሙበት አለ። ዘዴው ሁለተኛ ሕይወት አገኘ።

ለምን በቂ መልስ ቶሎ ይሰጣል? የሸለቆው ጠባብነት ኮንዲሽን ነምበር በሚባል ቁጥር ይለካል። 10,000 ነው እንበል። በመጥፎው አጋጣሚ ግራዲየንት ዲሰንት ስህተቱን አሥር ጊዜ ለማሳነስ ከ11,500 በላይ እርምጃ ይፈልጋል። ኮንጁጌት ግራዲየንት ከ150 በላይ አይፈልግም። ልዩነቱ የሚመጣው የመጀመሪያው በኮንዲሽን ነምበሩ፣ ሁለተኛው ግን በስኩዌር ሩቱ ስለሚመራ ነው። የ10,000 ስኩዌር ሩት 100 ነው። በቃ።

እስካሁን ያወራነው ስለ ኳድራቲክ ነው። እውነተኛ ፈንክሽኖች ግን ኳድራቲክ አይደሉም። ጥምዛቸው ከቦታ ቦታ ይለያያል። በ1964 ፍሌቸር እና ሪቭስ ደፋር ነገር አደረጉ። ያንኑ ቀመር ወስደው ለማንኛውም ለስላሳ ፈንክሽን ተጠቀሙበት። ማትሪክስ የለም፣ ግራዲየንት ብቻ። የእርምጃው መጠንም እንደ ኳድራቲኩ በቀመር አይገኝም፤ በአቅጣጫው መስመር ላይ ተፈልጎ ነው የሚገኘው፤ ይህን መስመር ፍለጋ እንለዋለን። ቤታው ቅድም ያሰላነው ነው፤ የአዲሱ ግራዲየንት ስኩዌር ለአሮጌው።

የዛሬው ዋና ነገር ያለው እዚህ ነው። ኳድራቲክ ላይ ቤታን በብዙ መንገድ መጻፍ ይቻላል፤ ሁሉም አንድ ቁጥር ይሰጣሉ። ኳድራቲክ ካልሆነ ግን ይለያያሉ። ያኔ የቱ ይሻላል የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ይሆናል።

በ1969 ፖላክ እና ሪቢዬር፣ ከእነሱ ተለይቶም ሩሲያዊው ቦሪስ ፖልያክ፣ ሌላ ቤታ አቀረቡ። ከታች ያለው አካፋይ ያው የአሮጌው ግራዲየንት ስኩዌር ነው። ከላይ ግን የአዲሱን ግራዲየንት ከራሱ ጋር አያባዙትም። ከለውጡ ጋር፣ ማለትም አዲሱ ሲቀነስ አሮጌው ከሚሰጠው ቬክተር ጋር ነው የሚያባዙት። ጥቃቅን የምትመስል ለውጥ ናት። በተግባር ግን ልዩነቷ የሰማይና የምድር ነው።

እስቲ የፍሌቸርና ሪቭስ ዘዴ ሲጣበቅ እንይ። በሆነ ምክንያት አቅጣጫችን ተበላሸ እንበል። ከግራዲየንቱ ጋር ዘጠና ዲግሪ ሊሠራ ምንም አልቀረውም። በዚህ አቅጣጫ ብዙ መውረድ አይቻልም፤ እርምጃችን በጣም ትንሽ ትሆናለች። ነጥቡ ብዙም አልተንቀሳቀሰም። ስለዚህ አዲሱ ግራዲየንት አሮጌውን ይመስላል። ርዝመታቸው እኩል ሊሆን ምንም አይቀረውም። ቤታ አንድ ገደማ ሆነ። መጥፎው አቅጣጫ ሙሉ በሙሉ ወደሚቀጥለው እርምጃ ተሻገረ። የሚቀጥለውም መጥፎ ነው። ከሱ የሚቀጥለውም። ኮምፒውተሩ ይሠራል፣ ፈንክሽኑ በፀጉር ስንዝር እየቀነሰ ይቀጥላል፣ እናንተ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣችሁ ትቀራላችሁ። ይህን በግልጽ ያሳየው ማይክል ፓወል ነው፤ በ1977።

የፖላክና ሪቢዬር ቤታ በዚሁ ሁኔታ ምን ያደርጋል? ግራዲየንቱ ካልተለወጠ ልዩነቱ ዜሮ ገደማ ነው። ቤታም ዜሮ ገደማ ይሆናል። አዲሱ አቅጣጫ የግራዲየንቱ ተቃራኒ ብቻ ሆነ። ዘዴው ማንም ሳያዘው ያለፈውን ጥሎ ከአዲስ ጀመረ። ለኔ በዚህ ዘርፍ ካሉ ሐሳቦች ሁሉ ቆንጆው ይኼ ነው።

አሁን ፖላክና ሪቢዬር አሸነፉ ብላችሁ ይሆናል። ቆዩ። ያው ፓወል በ1984 ሦስት ቫሪያብል ያለው ለስላሳ ፈንክሽን ሠርቶ አሳየ። የፖላክና ሪቢዬር ዘዴ በዚያ ላይ የመስመር ፍለጋው ፍጹም ትክክለኛ ቢሆን እንኳን ለዘላለም ይሽከረከራል። ወደ መፍትሔው አይጠጋም። ፍሌቸርና ሪቭስ ግን ዋስትና አለው። በ1985 አል-ባሊ የመስመር ፍለጋው የዎልፍን ጥብቅ ሁኔታዎች (እርምጃው በቂ መሆኑን የሚወስኑ፣ በኋላ የምናያቸው ሁለት መመዘኛዎች) ካሟላና የሁለተኛው ቋሚ ቁጥር ከግማሽ በታች ከሆነ ዘዴው ግራዲየንቱ ዜሮ ወደሚሆንባቸው ቋሚ ነጥቦች እንደሚያመራ አረጋግጧል።

እንግዲህ ተመልከቱት። በወረቀት ላይ የሚታመነው በተግባር ይጣበቃል። በተግባር የሚሮጠው በወረቀት ላይ አይታመንም። ለበርካታ ዓመታት ሰው የተጨቃጨቀው በዚህ ነበር።

መፍትሔው በጣም አጭር ነው። የፖላክና ሪቢዬር ቤታ ከዜሮ በታች ከሆነ ዜሮ አድርገው። በቃ፣ አንድ መስመር ኮድ። ጊልበርት እና ኖሴዳል በ1992 ይህ፣ ተገቢ የመስመር ፍለጋ ካለው፣ ዋስትናውን እንደሚመልስ አረጋገጡ። ከዜሮ በታች ያለ ቤታ ማለት ያለፈውን አቅጣጫ ገልብጠህ ጨምር ማለት ነው። ፓወል ያገኘው ሽክርክሪት የሚኖረው በዚያ ነው። ቤታ ዜሮ ሲሆን ደግሞ ዘዴው እንደገና ይጀምራል።

ከዚያ በኋላም ቤታዎች መወለዳቸውን አላቆሙም። የሄስተንስና ሽቲፈል ቤታ ቀድሞም አለ። ላዩ የፖላክና ሪቢዬር ነው፣ ታቹ ግን ሌላ። ዳይ እና ዩዋን በ1999 ያንን ታች ከፍሌቸርና ሪቭስ ላይ ጋር አጋቡት። በ2005 ደግሞ ሄገር እና ዣንግ ደህና ነገር ይዘው መጡ። የነሱ አቅጣጫ የመስመር ፍለጋው ምንም ይሁን ምን ሁልጊዜ ወደ ታች ይመራል፤ ያውም በቂ በሆነ መጠን። ሌሎቹን እዚህ አልዘረዝርም። ብዙዎቹ የነዚሁ ቅልቅል ናቸው። አንዳንዱን ወረቀት ሳነብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቤታው አዲስ ይሁን እንጂ ጥቅሙ አይታየኝም።

እኔ በተግባር የምመክረው ቤታ ላይ ሳይሆን መስመር ፍለጋው ላይ እንድትጨነቁ ነው። ሁለት የዎልፍ ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው ፈንክሽኑ በበቂ ሁኔታ ይቀንስ ይላል። ሁለተኛው በመስመሩ ላይ ያለው ተዳፋት ይለዝብ ይላል። የሁለተኛው ቋሚ ቁጥር ተዳፋቱ ከመነሻው ተዳፋት ስንት እጅ እንዳያልፍ ይወስናል፤ ለኒውተን መሰል ዘዴዎች 0.9 የተለመደ ነው። ለኮንጁጌት ግራዲየንት 0.1 ነው የሚመከረው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኮንጁጌትነት የተመሠረተው ባለፈው አቅጣጫ ሥራው አልቋል በሚለው ላይ ነው። ፍለጋውን በግማሽ ካቋረጣችሁት ሥራው አላለቀም።

ሌላው እንደገና መጀመር ነው። የቆዩ መጻሕፍት በየኤን እርምጃው ቤታን ዜሮ አድርጉ ይላሉ። ኤን ሚሊዮን ሲሆን ይህ ምክር ቀልድ ነው፤ ሚሊዮን እርምጃ የሚሄድ የለም። የፓወል መለኪያ ይሻላል። ኳድራቲክ ላይ ተከታታይ ግራዲየንቶች ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሠራሉ። ስለዚህ ዶት ፕሮዳክታቸው ከአዲሱ ግራዲየንት ስኩዌር 0.2 ካለፈ፣ ያለንበት ቦታ ኳድራቲክ አይመስልምና ያለፈውን ጣለው።

*

የመጀመሪያው ጥያቄ ከኋላ መጣ፦ ኤል-ቢ-ኤፍ-ጂ-ኤስ (የሄሲያኑን መረጃ ከጥቂት ያለፉ እርምጃዎች የሚገምት ዘዴ) እያለ ይህን ለምን እንማራለን?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ዝም ብላችሁ አንድ ዘዴ ምረጡ ብትሉኝ እኔም ብዙ ጊዜ ያንን ነው የምመርጠው። የመስመር ፍለጋ ላይ ያን ያህል አይጨክንም። ጥቂት ያለፉ እርምጃዎችን፣ ለምሳሌ ከአምስት እስከ ሃያ፣ ይይዛል። ግን ሁለቱ ባዕድ አይደሉም። ኤል-ቢ-ኤፍ-ጂ-ኤስ አንድ እርምጃ ብቻ እንዲይዝ ብታደርጉትና የመስመር ፍለጋው ትክክለኛ ቢሆን የሄስተንስና ሽቲፈልን አቅጣጫ ይሰጣችኋል። ስለዚህ ይህን ያልተረዳ ያንንም በደንብ አይረዳውም። የኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ በጣም ሲጠብብ ደግሞ ኮንጁጌት ግራዲየንት ያሸንፋል፤ ሦስት አራት ቬክተር ነው የሚፈልገው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ኒውራል ኔትወርክ ነበር፦ ለምን እዚያ አይጠቀሙበትም?

ተጠቅመውበታል። በ1993 ሞለር የመስመር ፍለጋውን የሚያስቀር ስኬልድ ኮንጁጌት ግራዲየንት የተባለ ዓይነት ለዚሁ ሥራ አቅርቧል። የዛሬዎቹ ትልልቅ ኔትወርኮች ግን ግራዲየንቱን ከሙሉው ዳታ አያሰሉም። በየእርምጃው ትንሽ ናሙና ይወስዳሉ። የፖላክና ሪቢዬር ቤታ የሚሠራው በሁለት ግራዲየንቶች ልዩነት ነው። ሁለቱ ከተለያየ ናሙና ከመጡ ልዩነቱ ስለ ጥምዙ ሳይሆን ስለ ናሙናው ነው የሚነግራችሁ። ቤታው ትርጉም ያጣል። የመስመር ፍለጋውም እንዲሁ።

እዚያ የሚጠቀሙበት ሞመንተም ነው። አዲሱ አቅጣጫ የግራዲየንቱ ተቃራኒ ሲደመር ያለፈው አቅጣጫ በቋሚ ቁጥር ተባዝቶ፤ ብዙ ጊዜ 0.9። ቅርጹን አያችሁት? ያው የኛው ቀመር ነው፤ ቤታው ግን አይሰላም፣ ይመረጣል። ይህን ዘዴ ያቀረበው ቅድም ስሙን ያነሳነው ቦሪስ ፖልያክ ነው፤ በ1964፣ ፍሌቸርና ሪቭስ የነሱን ባሳተሙበት በዚያው ዓመት። ኳድራቲክ ላይ የኮንጁጌት ግራዲየንት እርምጃ ማለት የፖልያክ እርምጃ ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች በየእርምጃው ከሁሉ በተሻለው ዋጋ እየተመረጡ።